ስም ያለበት አቤቱታ

ዩለስ፣ ቴክሳስ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስዑዳ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድትረጂ እፈልጋለሁ፤ ይህን ሳትረጂ የቀረውን ብታነቢው አይጠቅምሽም። በዚያ በጠየቅሽኝ ሥርዓት አመልካቹ ባለጉዳይ አልነበረም። አቤቱታ የጻፈ ሰው ከሳሽ አይባልም፣ ችሎት ፊት አይቆምም፣ ጉዳዩ ከምን እንደደረሰ የመጠየቅ መብት የለውም። ወረቀቱ «መረጃ» ነበር የሚባለው። መረጃው ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ ለተከሰሰው መንግሥት ይላክለታል፤ መልስ እንዲሰጥበት።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። አላህ አንቺንም እናትሽንም በጤና ያቆይልኝ። ለሸህ ሙዘይን እጅ ነስቻለሁ በዪልኝ፤ ዱዓቸው አይለየን። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ አርዋ ኤርፖርት ትሠራለች፤ እኔ ቤት እውላለሁ፣ ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ በእግሬ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። እዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲያዩ መኪናው የተበላሸበት ነው የሚመስላቸው፤ ይቆሙልኛል።

በነሐሴ የላክሽው ደብዳቤ ሌዊስቪል በሚኖረው፣ አገር ቤት በሚመላለሰው ሾፌር በታዲዮስ እጅ ደረሰኝ። ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፤ አንቀጾችሽን ግን ኮምቦልቻ ሳስተምርሽ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠሽ እንደነበረው አሁንም ታስረዝሚያቸዋለሽ። የገባኝን ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። በኩሬ ገደል ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በቋንቋችን፣ በአርጎብኛ፣ ታስተምሪያለሽ። ወረዳው ከሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ክፍሉ ይዘጋል ብሏል። ምክንያቱም ጥቂት ተማሪ ያለው ቋንቋ በሙሉ ይታጠፋል፣ ደንቡም ለሁሉም እኩል ነው የሚል ነው። አንቺና ሽማግሌዎቹ ውጭ አገር ላለ የመብት ተቋም አቤቱታ ልትልኩ አስባችኋል። ለዚህ ነው «ጋሼ፣ ድሮ ስለ ጄኔቭ ያስተማሩንን እንደገና ይጻፉልኝ፤ እነዚያ ሰዎች እንዴት አደረጉ?» ያልሽኝ።

እነዚያ ሰዎች ከቤታቸው ሳይነቃነቁ የሌላ አገር ዜጋ ሆነው የተገኙ ናቸው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ካርታ እንደገና ተሣለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1919 ፖላንድ በግዛቷ ያሉትን አናሳ ሕዝቦች ቋንቋ፣ እምነትና ትምህርት ቤት ልትጠብቅ ውል ፈረመች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ዋስ የሆነው ጄኔቭ የተቀመጠው የመንግሥታት ማኅበር ነው። ውሉን ያስፈረሙት ታላላቅ መንግሥታት ግን ለራሳቸው እንዲህ ያለ ውል አልፈረሙም። ይህን በቀይ አስምሪበት።

«ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለውም አዲስ አይደለም። አልባኒያ የግል ትምህርት ቤቶችን በሙሉ በዘጋች ጊዜ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹም አብረው ተዘጉ፤ መንግሥቱ ያንኑ ቃል ተናገረ። የዘመኑ የዓለም ፍርድ ቤት በ1935 የሰጠው አስተያየት፣ በወረቀት እኩል መሆን አይበቃም፣ በኑሮም እኩል መሆን ያስፈልጋል የሚል ነበር። አስተያየቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ትምህርት ቤቶቹን ለማዳን ምን ያህል ጠቀመ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ግን ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም።

የሚያስፈልግሽ ገንዘብ ካለ አትፈሪ፣ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ኩሬ ገደል
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ሙሄዲን፣

አላህ እድሜና ጤናዎን ያርዝምልን፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፣ እናቴም ወገቧን ከመታመሟ በቀር ደህና ናት፣ ሸህ ሙዘይንም እጅግ አድርገው ሰላም ይሉዎታል፣ ደብዳቤዎን ግቢያቸው ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙኝ፣ የተኙ መስሎኝ ሳቋርጥ «ቀጥይ እንጂ፣ ፖላንድ ላይ ደርሰናል» አሉኝ፤ አንቀጾችሽን ታስረዝሚያለሽ የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ እየሳቁ «ሙሄዲን ባሕር ተሻግሮም ማረም አልተወም» አሉ፣ እኔም ይኸው እንደሚያዩት አልታረምኩም።

አንድ ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አላግባባንም። እርስዎ አቤቱታው ለተከሳሹ መንግሥት ይላካል ያሉትን እንደ ክፉ ነገር ነው የጻፉት፣ እኔም እንደዚያው ነው የገባኝ፣ ሸህ ሙዘይን ግን «ታዲያ ምን ነውር አለበት? ሰውን ሳይሰማ መክሰስ ሐሜት ነው፣ ሐሜት ደግሞ የወንድምን ሥጋ መብላት ነው። ጄኔቮቹ አደብ ነበራቸው» አሉ። «ሸሃችን፣ እነሱ የላኩት ለአደብ ብለው አይደለም» ብላቸው «ለምንም ብለው ይሁን፣ ሥራው ደግ ነው» ብለው ዘጉኝ። ስም ሳይጻፍበት ይላክ ብዬም ሞክሬ ነበር፣ እሱንማ ጭራሽ አልሰሙኝም፣ ስም የሌለው ክስ በግድግዳ ላይ እንደተጻፈ ስድብ ነው አሉኝ።

ገንዘብ ላሉት አላህ ይስጥልን፣ ደሞዜ ለእኔም ለእናቴም ይበቃል፣ ከእርስዎ የምፈልገው እውቀትዎን ነው። ረቂቁን አብሬ ልኬያለሁ፣ እባክዎ እንደ ድሮው በቀይ ያርሙልኝ፣ እንግሊዝኛውንም እርስዎ ይሥሩልኝ። ልጆቹ እስከ ጥር ክፍላቸው ውስጥ ናቸው።

ልጅዎ መስዑዳ


ዩለስ፣ ቴክሳስ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስዑዳ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን። ለእናትሽ ወገብ የሚሆን ቅባት ከዚህ ጋር አለ።

ረቂቁን አርሜዋለሁ። «ጨካኞች»፣ «ሊያጠፉን»፣ «ዓይን ያወጣ በደል» የሚሉትን አውጥቻለሁ። ሐሰት ናቸው ብዬ አይደለም። ጄኔቭ አቤቱታ የሚቀበለው በቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ጽሑፉ የኃይል ቃል እንዳይኖርበት ነው። የተበደለ ሰው በለሰለሰ ድምፅ እንዲናገር ይፈለጋል። የዛሬዎቹም ከዚያ ብዙ አይርቁም። በደሉን ቅጽል ሳታክዪ ተናገሪው፤ አንባቢው ራሱ ይቆጣ።

ስም የሌለው አቤቱታም ጄኔቭ አይቀበልም ነበር። በዚህስ ሸህ ሙዘይንና ማኅበሩ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ስም ያስፈልጋል፤ ጥያቄው የማን ስም ነው። የዛሬዎቹ ተቋማት ስም እንዲደበቅ መጠየቅ ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን በኩሬ ገደል አርጎብኛ የምታስተምረው አንዲት ሴት ናት፤ ስምሽን ብትደብቂውስ ማን ይጠፋዋል?

በ1933 አይሁድ ከሥራ ሲባረሩ በላይኛው ሲሌዥያ፣ የጀርመን በሆነው ክፍል፣ አንድ የመደብር ሠራተኛ ለጄኔቭ አመለከተ። ለዚያ አካባቢ ብቻ የቆመ ውል ነበር። አቤቱታው ችላ አልተባለም፤ ጀርመን እጇን ሰጠች፤ በአይሁድ ላይ የወጡት ሕጎች በዚያ ወረዳ ለጥቂት ዓመታት ታገዱ። አንድ ተራ ሠራተኛ። ልብ በዪ፦ ሲያመለክት ከአገሩ ወጥቶ ፕራግ ነበር። እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አልነበረም።

ስለዚህ ስሙ የእኔ ይሁን። እኔም እጃቸው የማይደርስብኝ ቦታ ነኝ። አርዋ ይህን ስትሰማ ምሳዋን ተወች። «አባ፣ ሳይን ካደረግክ እኮ ተመልሰህ አትገባም። ማለቴ ሰመር ላይ ትኬት ቡክ አድርገንልሃል፣ የእናትህን መቃብር ሳላይ አልሞትም ያልከው አንተ ነህ» አለች። «ካንስል አድርጊው» አልኳት። አልሳቀችም። «ሶ፣ ለያቺ ልጅ ከእኔ ይልቅ ታስብላታለህ ማለት ነው» ብላ መኪናዋን አስነስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ታዲዮስም ፖስታውን አገላብጦ «ጋሼ፣ ውስጡ ምንድን ነው? ማለቴ ቦሌ ላይ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» አለኝ። ስለ ፖላንድና ጀርመን የተጻፈ ታሪክ ነው አልኩት። «ኦኬ፣ ፖላንድ ከሆነ እኔን አያስጠይቀኝም» ብሎ ተቀበለኝ።

ሽማግሌዎቹን አማክሪና መልስ ስጪኝ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ኩሬ ገደል
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ሙሄዲን፣

እንደምን ከረሙልን፤ መድኃኒቱ ደርሶ እናቴ በየቀኑ ትመርቅዎታለች፣ የዘገየሁት ታዲዮስ ፖስታውን የሰጠው የአውቶቡስ ሹፌር ታሞ ሰንብቶ ነው እንጂ በእኔ ስንፍና አይደለም፣ በፖስታ ቤት ግን እባክዎ አይላኩ፣ እኔም አልልክም፣ እዚህ ደብዳቤ ተከፍቶ ነው የሚደርሰን።

ክፍሉ ተዘጋ። ልጆቹ በወረዳው ቋንቋ ከሚማሩት ጋር ተደባለቁ፣ እኔንም ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አደረጉኝ፣ መጻሕፍቱ ሁለት መደርደሪያ አይሞሉም። አንዷ ልጄ፣ ከእኔ ጋር ሳለች ጥያቄ ሳልጨርስ እጇን የምታወጣ የነበረች፣ ባለፈው ሰኞ ውጭ ለመውጣት ማስፈቀጃውን ቃል ስላላወቀችው ተቀምጣ ራሷን አረጠበች፣ ልጆቹ ሳቁባት፣ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም፣ ቤቷ ሄጄ ስለምናት አልጋ ሥር ገባች። ይህን ነው ቅጽል ሳላክልበት ጻፊው የሚሉኝ? ጻፍኩት፣ እንዳይቆርጡብኝ።

ስምዎን በተመለከተ ሸህ ሙዘይን አልተቀበሉም። «ሙሄዲን የእኛው ነው፣ ግን ያላየ አይመሰክርም። ምስክር ማለት በዓይኑ ያየ ነው፤ እሱ ይህችን ልጅ አላያትም» አሉ። እኔም ሳስበው እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የእሳቸውና የእኔ ስም ብቻ ይሁን፣ ስሙም ይደበቅልን ብለው አይጻፉ ብለዋል። ፈርመን ለእርስዎ ልከናል። ትኬትዎን አይሰርዙ።

ልጅዎ መስዑዳ


ዩለስ፣ ቴክሳስ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስዑዳ፣

ረመዳኑን አላህ በሰላም ያስፈጽማችሁ።

የተፈረመው ደረሰኝ። ስለ ልጅቷ የጻፍሽውን አንድ ፊደል አልነካሁም፤ ወደ እንግሊዝኛም እንዳለ ነው ያሻገርኩት። አሁን ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

በዚያው በሲሌዥያ፣ በፖላንድ ክፍል፣ ልጆች ወደ ጀርመንኛ ትምህርት ቤት መግባት ሲከለከሉ ጉዳዩ ጄኔቭ ደርሶ ነበር። ማኅበሩ በ1927 አንድ የስዊስ የትምህርት ባለሙያ ላከ፤ ልጆቹ ጀርመንኛ መቻል አለመቻላቸውን እንዲፈትን። መምህር ሆኜ ያን ፈተና ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ እንግዳ ሰው ፊት ቆሞ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ እንዲያስመሰክር ይጠየቃል። ባለሙያው ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ጥያቄው ደግ አይደለም። የአንቺዋ ልጅ ቢያንስ ፈታኝ ቢመጣላት እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ አልጋ ሥር የገባችን ልጅ ማን ይፈትናታል እላለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ይኸውልሽ። አንቺና ሸህ ሙዘይን ስማችሁ ከዚህ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ቃልሽን ሳላገኝ አልልክም። ላክ ካልሽኝ በዚያው ቀን እልካለሁ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ኩሬ ገደል
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ሙሄዲን፣

እንኳን ለዒዱ አደረሰዎት፣ እኛ ዒዱን በደስታ ነው ያሳለፍነው፣ ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለምና እስኪ ከመጀመሪያው ላጫውትዎት። ሸህ ሙዘይን «ሰውየውን ሳንነግረው ወደ ባሕር ማዶ ብንከስሰው በትንሣኤ ቀን ምን እንላለን» ብለው የአቤቱታውን ግልባጭ ይዘው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዱ፣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ የሰማሁት ከተመለሱ በኋላ ነው። ኃላፊው ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ «ሸሃችን፣ ጽሑፉ እጅግ የተስተካከለ ነው፣ ማን ነው የጻፈው?» ብሎ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም «የገዛ ልጃችን መስዑዳ ናት፣ አሜሪካ ያለው መምህሯ ነው ያረማት» አሉት። እየሳቁ ነው የነገሩኝ፣ ኮርተውብኝ።

ኃላፊው ከአረፋ በፊት መልስ እሰጣችኋለሁ ብሏል። ሽማግሌዎቹም ቃል የሰጠን ሰው ሳይጠብቁ መክሰስ አይገባም ብለዋልና እስከዚያ ይቆይልን።

እኔ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። አሁን ግን እንግዲህ የእርስዎ ጄኔቭም ያደረገው ይህንኑ አይደል? ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ልጅዎ መስዑዳ


ዩለስ፣ ቴክሳስ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስዑዳ፣

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው።

ሸህ ሙዘይንን አልወቅሳቸውም፤ አንቺም አትውቀሻቸው። እንደ ሰው ነው የሄዱት። ነገር ግን ያጽናናሽ ነገር እኔን አላጽናናኝም። ጄኔቭ ወረቀቱን ለመንግሥት ሲልክ ሦስት የምክር ቤት አባላት መልሱን ይጠብቁ ነበር፤ ደካማም ቢሆን የሚያይ ዓይን ነበር። ሻይ በተጠጣበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያየው?

እናትሽን ይዘሽ ለጥቂት ጊዜ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋር ብትከርሚ ደስ ይለኛል። ኃላፊው ጠርቶሽ እንደሆነ፣ ምን እንዳለሽ፣ ሸህ ሙዘይን ደህና መሆናቸውን ጻፊልኝ። ታዲዮስ በሰኔ ይመለሳል፤ በእሱ እጅ እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሙሄዲን።

ለጤናዎ እንደምን አሉ። እኔ ደህና ነኝ።

ዝናቡ ጥሩ ነው። አዝመራው ጥሩ ነው።

ስለ ትምህርቱ ጉዳይ ከእንግዲህ አይጨነቁ። ሁሉም በሰላም ተፈቷል።

ብትችሉ ትንሽ ገንዘብ ብትልኩልን። ለእናቴ ነው።

መስዑዳ


ዩለስ፣ ቴክሳስ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ መስዑዳ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ካለሽበት ሁሉ አላህ ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽ በፖስታ ቤት መጣ። ታዲዮስ በሰኔ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። «ጋሼ፣ ሹፌሩን ኮል አድርጌው ነበር፤ ልጅቷ አትመጣም አለኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም» ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ዘወትር የሚቀልድ ሰው ነው።

ገንዘቡን አርዋ በዚያው ቀን ልካለች፤ ማንም አላስታወሳትም። ስንት ጊዜ ልላክልሽ ስልሽ ደሞዜ ይበቃኛል ትይኝ እንደነበር ታስታውሳለች። ስለ ደሞዝሽ አልጠይቅሽም። ከየት እንደጻፍሽልኝ ከላይ አልጻፍሽም፤ እሱንም አልጠይቅሽም። የሸህ ሙዘይን ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ይህን አንዱን እጠይቅሻለሁ፤ በሕይወት አሉ?

አንቀጾችሽ አጥረዋል። ከልጅነትሽ ጀምሮ አሳጥሪ ስልሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚታረም ነገር አጣሁበት። እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ፈተና ላይ ሲገጥመኝ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ እንዳልጻፈው አውቅ ነበር።

ስለ ሲሌዥያ ያልጨረስኩልሽ አለ። ውሉ የቆመው ለአሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ በሐምሌ 1937 ዘመኑ አለቀ። ታግደው የነበሩት ሕጎች በዚያ ወረዳም ሥራ ጀመሩ። ያመለከተው ሰው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እዚያው የቀሩት ያገኙት ጥቂት ዓመት ነው፤ በዚያ ጥቂት ዓመት ስንዱ ሆኖ የወጣ ወጣ። ልጆችን ሳስተምር ይህን ሽንፈት ብዬ ነበር የማስተምረው። አሁን እንዲያ አልለውም፤ ጥቂት ዓመትም ዓመት ነው። ለአንቺ ግን ያን እንኳ የሚሰጥሽ ሰው አላየሁም።

ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አርዋ ጠረጴዛውን ስትወለውል ሳታነሳው በዙሪያው ትወለውላለች። ሁለቱ ስሞች እንዳሉ ናቸው። ብልከው ስማቸው ያለበት ሰዎች ላይ ይብስባቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቀድደው ደግሞ አልጋ ሥር የገባችውን ልጅ ያየ ምስክር አይኖርም። ያላየ አይመሰክርም ብላችሁኛል፤ ስለዚህ በራሴ ስም ልተካው አልችልም። ያለ ቃልሽ አልልክም ያልኩሽን አላፈርስም። ትኬቱን አርዋ አልሰረዘችውም፤ ቀኑን ግን አስተላልፋዋለች፤ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የታዲዮስ እህት ናት፤ ከእናትሽ እጅ በቀር ለሌላ አትሰጥም። «ላክ» ወይም «ቅደድ» ብለሽ መጻፍ ከቻልሽ ያ ይበቃኛል። ካልቻልሽ ስለ ጉዳዩ ምንም አትጻፊ። ስለ ዝናቡም ይሁን፣ ስለ እናትሽ ወገብ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል፣ እንደ ድሮሽ እስትንፋስ የማይሰጥ አንድ ረጅም አንቀጽ ጻፊልኝ፤ ብቻሽን ተቀምጠሽ እንደጻፍሽው ከእሱ አውቃለሁ። አላርመውም። ብቻ አትዘግዪብኝ፤ ይህ በእጅሽ እንደገባ ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ሙሄዲን